ሳህሊቱ ያልቀመሰችው

አቶ ኃይሉ እሑድ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ በገዛ ሳሎናቸው ወለል ላይ ተዘርረው፣ የሌለ ዝንብ ከአየር ላይ እየለቀሙ ሞቱ። አሰበ ተፈሪ ውስጥ ለሳቸው ከልቡ የሚያለቅስ ሰው ቢፈለግ በኪራይ ካልሆነ አይገኝም ነበር። የመቻራን ቡና በተጠመዘዘ ሚዛን እየሰበሰቡ የከበሩ፣ አብዮቱ ሲመጣ ደግሞ ቀበሌውን ተጠግተው ለብሔራዊ ውትድርና የሚሄደውን ወጣት ስም የሚጽፉ ሰው ነበሩ። ቡና ሲመዝኑ ይሳሳቱ ነበር፤ የድሃ ልጅ ሲጽፉ ግን ተሳስተው አያውቁም።

እስከ መጨረሻዋ እስትንፋስ ራሳቸውን ደግፋ የያዘቻቸው ወጥ ቤታቸው ሳህሊቱ ናት። ገላቸው እንደ ፍም ይፋጃል፣ ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ የዐይናቸው ብሌን ሰፍቶ ሰፍቶ ሌላውን ቀለም ሁሉ ውጦታል። ሐኪሙ መጥቶ ሬሳውን አየና «የበሉት ነገር ነው» አለ። በመጨረሻ የበሉት ደግሞ ሳህሊቱ የሠራችውን ቲራሚሱ ነበር።

ይህን የጣሊያን ጣፋጭ በከተማው የምትሠራው እሷ ብቻ ናት። በልጅነቷ ድሬዳዋ አንዲት ጣሊያናዊት ቤት ስታገለግል ተማረችው። ሴትዮዋ በአገሯ ቅጠል ሲረግፍ ዱባ በቅመም ሠርተው እንደሚበሉ እያስታወሰች፣ ጥቅምት ገብቶ ዱባ ገበያውን በሞላ ቁጥር ቲራሚሱው ውስጥ ትጨምረው ነበር። ሳህሊቱም ከዚያ ሥርዓት ዝንፍ አላለችም። ከታች ቡና የጠጣ ብስኩት፤ በላዩ በቀረፋ፣ በቅርንፉድ፣ በገውዝና በዝንጅብል የበሰለ ዱባ፤ በዱባው ላይ በሻሽ ተጠልሎ የተመታ ክሬም፤ ከሁሉ በላይ የቀረፋ ዱቄት። ቅዳሜ ይሠራል፣ ፍሪጅ ውስጥ ያድራል፣ እሑድ ይበላል። ለእንግዶቹ፣ እስላምም ስላለባቸው፣ ያለ መጠጥ በትሪ ይዘጋጃል። አቶ ኃይሉ ግን የብቻቸው የብርጭቆ ጎድጓዳ ሳህን አላቸው፤ ብስኩቱ ላይ ኮኛክ የሚፈስበት እሱ ብቻ ነው።

ደግሞ አንድ ሕግ ነበራቸው። ብዙ ሰው የበደለ ሰው የሚበላውን ይፈራልና፣ ሳህኑ ከመቅረቡ በፊት ሳህሊቱ ከጠርዙ አንድ ማንኪያ እስከ ታች ቆርጣ መብላት አለባት። ያ የጎደለ ቦታ ካልታያቸው አይነኩትም። እሑድ ዕለትም ጎድሎ አይተው፣ ፈገግ ብለው ጀመሩ።

የመቶ አለቃ መስዑድ ሰኞ ጠዋት ሲደርስ፣ የሟቹ ታናሽ ወንድምና የቀበሌው አብዮት ጥበቃ መሪ ጓድ ጀምበሩ ሳህሊቱን እጇን የኋሊት አስሮ፣ በጥፊ ብሎ ሁለት ጥርሷን አነቃንቆ ጨርሷል። መስዑድ ከመሰላ ወረዳ የመጣ የገበሬ ልጅ ነው። ቀጭን፣ ድምፀ ለስላሳ፣ ሰው ሲያናግር ብዙውን ጊዜ የገዛ ጫማውን የሚያይ።

«ፍታት» አለ።

«ገዳይዋ እኮ እሷ ናት! ወንድሜ ልጇን ለግዳጅ ቢጽፈው ቂም ይዛበት ነው። ልጁ ከማሠልጠኛ ጠፍቷል፤ እሷ ደግሞ እዚህ መርዝ ትቀምማለች።»

«ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል፣ ጓድ ጀምበሩ። ፍታት፤ ሻይም አስመጣልኝ።»

ወጥ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ተቀመጡ። ከሟቹ የተረፈው ሳህን ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ግማሹ እንደተበላ። መስዑድ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ በብርጭቆው በኩል ድርብርቡን ረጅም ጊዜ ተመለከተው።

«ይሄ ሳይታጠብ እንዴት ቆየ፣ እትዬ ሳህሊቱ?»

«የጋሼ ባለቤት እትዬ ፈለቀች ሁለት ጊዜ እጠቢው ብለውኝ ነበር። ጋሼን ይዤ መነሣት አልቻልኩም። ከዚያ ደግሞ ታሰርኩ።»

«ከዚህ ጠርዝ የጎደለውን ማንኪያ አንቺ ነሽ የበላሽው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ።»

«ጣዕሙ እንዴት ነበር?»

«ጥሩ ነበር።»

«ከዚያስ? አላመመሽም?»

ሳህሊቱ ወደ በሩ አየች። ሻዩ መጣ፤ ወተት የገባበት ነው። መስዑድ አንዱን ለሷ ሰጣት። ይዛው ቆየች፤ ጥርሴን ያመኛል ብላ አስቀመጠችው። እሱ ወጣና ሌላ ይዞላት ተመለሰ፣ ያለ ወተት፣ የሚፋጅ። በዚያችው በታመመች ጥርሷ እስከ አተላው ጠጣችው።

እውነቱ እንዲህ ነው። ሳህሊቱ ከዚያ ጣፋጭ ጣቷን እንኳ አልላሰችም። ዘንድሮ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የጽጌን ጾም ይዛለች፤ ከመስከረም 26 ወዲህ ወተትም እንቁላልም አፏ አልገባም። ስለቷ ለአንድ ልጇ ለብሩ ነው። ብሩ ከማሠልጠኛ ጠፍቶ መጥቶ እዚሁ ግቢ፣ ባዶው የቡና መጋዘን ቆጥ ላይ ተኝቷል፤ የጻፈው ሰው ግቢ ውስጥ ማን ይፈልገዋል? ጀምበሩ በየሳምንቱ «ልጅሽ የት አለ?» ሲላት «ረግሜዋለሁ፣ ሞቷል በለኝ» ትላለች። ታዲያ ልጇን የረገመች ሴት ለማን ብላ ትጾማለች? ጾሜ ነበር ካለች ስለቱ ይወጣል፤ ስለቱ ከወጣ ብሩ ይወጣል። ባለፈው ክረምት ከጠፉት አንዱን በገበያ ቀን፣ እናቱ ፊት ረሽነውታል።

ስለዚህ ቀመስኩ አለች። ቀምሳ ያልታመመች ወጥ ቤት ደግሞ አውቃ የሠራች ናት፤ ይህንንም ታውቃለች። ከገመዱና ከልጇ ገመዱን መርጣ ነበር። ያን ማንኪያ ማን እንደተቀበላት ግን ለገዛ ልቧም መልሳ ለመንገር አልደፈረችም።

መስዑድ ቀጥሎ የቅመም ነጋዴውን ሱሌይማንን አስጠራ። የስልጤ ሰው ነው፣ በየዓመቱ በዚህ ግብዣ ላይ የማይቀር። ሱቁ ላይ ከጠዋት ጀምሮ ድንጋይ ሲወረወር ስለዋለ ኮፍያውን በእጁ ጨምድዶ ይዟል።

«ወላሂ የሸጥኩላት ንጹሕ ቅመም ነው፣ የመቶ አለቃ። እኔም ከትሪው በላሁ፣ ይኸው ቆሜያለሁ።»

«ምግቡ ደህና ነበር?»

«ሐቁን ልንገርህ? ዘንድሮ ቅርንፉዱ አፌን አደነዘዘው። የሳህሊቱ እጅ እንዲህ አያውቅም ነበር። አሥር ዓመት በልቻለሁ፤ ልኩን እንደ ሰላት ሰዓት ነው የምታውቀው።»

«ወጥ ቤት ገብተህ ነበር?»

«ምን ሥራ አለኝ? ቅመሙን በር ላይ ሰጥቼ ሄድኩ።»

ጀምበሩ ደግሞ ኮኛኩን ያመጣው እሱ መሆኑን አልካደም።

«ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ብስኩቱ ላይ በእጄ አፈሰስኩለት። የቀረውን እኔው ጠጣሁት፣ ጠርሙሱ ይኸው ባዶ። ከዚያ ቀበሌ ስብሰባ ነበረኝ፤ እስከ ምሽት ሰብሳቢው እኔ ነበርኩ። አርባ ሰው ይመሰክራል።»

«ስትወጣ ዱባው ገብቶ ነበር?»

«የለም። ብስኩቱ ብቻ ነው።»

የሟቹን ሚስት ወይዘሮ ፈለቀችን ያገኘው መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ነው። ቆንጆ ሴት ነበረች። አቶ ኃይሉ አንድ ጊዜ ክንዷን ሰብረውባታል፤ በጥቅምት መጨረሻ ደግሞ በደሳ ከተማ ያለችውን እርጉዝ ቅምጣቸውን አምጥተው እሷን ሊያስወጧት እንደነበር ከተማው ሁሉ ያውቃል። ነጠላዋን በቀኝ ዐይኗ ላይ ጣል አድርጋ ተቀምጣለች።

«መስኮቱን ልክፈተው፣ እሜቴ?»

«ተወው፣ ብርሃን አልችልም። ከለቅሶው ነው።»

«ስለ ሳህሊቱ ምን ይላሉ?»

«እህቴ ናት። ክፉ አይወጣኝም በሷ ላይ። ብቻ…» አለችና ተነፈሰች፤ «እሷ ሳትቀምስ ያቀረበችው ምግብ የለም። ይህን መካድ አልችልም።»

ደግ ቃል የመሰለ የመቃብር አፈር ነበር። መስዑድ ጫማውን አየና አመስግኖ ወጣ። ፈለቀችም ተከትላው ወጥታ በኮሪደሩ ሳህሊቱን ስታልፋት ክንዷን ጨበጥ አደረገቻት።

«አይዞሽ። ቆጥ ላይ ላለው እኔ አለሁለት፤ ጠዋትም ዳቦ አድርሼለታለሁ። አንቺ ብቻ አፍሽን ጠብቂ።»

ሳህሊቱ እጇን ሳመች። ከንፈሯ ግን ያ እጅ ላይ ሳለ በረዶ ሆነባት።

ስድስት ሰዓት ሲሆን መስዑድ ሁሉንም ግቢው መሐል፣ ፀሐይ ላይ አስወጣቸው። ሱሌይማን፣ ጀምበሩ ከሁለት ታጣቂዎች ጋር፣ ፈለቀች፣ ሳህሊቱ። ሳህኑን በርጩማ ላይ አስቀመጠው። ከጀርባቸው የቡናው መጋዘን ነበር፤ ሳህሊቱ ወደዚያ ላለማየት አንገቷን አደረቀች።

«አቶ ኃይሉን የገደላቸው አስተናግር ነው» ብሎ ጀመረ መስዑድ። «ከመጋዘኑ ኋላ ቆሻሻው ላይ በቅሏል። ፍሬው ሲወቀጥ ጥቁር ነው፣ ይመራል፣ ሰውን እያስለፈለፈ ይገድላል። አሁን ሳህኑን እዩት። ብርጭቆ ደግ ነው፣ ምንም አይደብቅም። ኮኛክ የጠጣው ብስኩት ንጹሕ ነው። ክሬሙ ንጹሕ ነው። ስብርባሪው ያለው ዱባው ላይ ብቻ ነው።»

«የሱሌይማን ቅመም ነዋ!» አለ ጀምበሩ።

«የትሪው ዱባ ከዚሁ ድስት የወጣ ነው። ሱሌይማን በልቶ ቆሟል። ስለዚህ ቅመሙ አይደለም፤ ሱሌይማን ሂድ፣ ሱቅህን ክፈት። ኮኛክህም አይደለም፣ ጓድ። መርዙ የገባው ዱባው ሳህኑ ውስጥ ከተደለደለ በኋላ፣ ክሬሙ ሳይከድነው በፊት ነው። አንተ ያኔ ስብሰባ ላይ ነበርክ። ወጥ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሁለት ሴቶች ናቸው። ክሬሙ የተጠለለበት ሻሽ በረንዳው ላይ ተሰቅሏል፤ አንዷ እሱን ልታመጣ ስትወጣ ሌላዋ ከሳህኑ ጋር ብቻዋን ቀርታለች።»

«አንዷማ ይቺ ናት!»

«ቆይ። ሳህሊቱ ቅመም ስትለካ አሥር ዓመት አልሳተችም፤ ዘንድሮ ቅርንፉዱ ተትረፈረፈ። ለምን? እናቴ በረመዳን ሾርባ ስትሠራ አትቀምስም፤ ጾም የሌለበትን ሰው ጠርታ ‹ጨው አለው?› ትላለች። የሌላ ሰው ምላስ ጨምሪ ካለ ትጨምራለች። የዚህ ጣፋጭ ቅርንፉድ በሳህሊቱ ምላስ አልተለካም። አንድ ሰው አንሶታል ብሏታል፤ ምሬት የሚደብቅ ቅመም የፈለገ ሰው።»

«ይቺ ጾመኛ? ለማን ብላ?» ጀምበሩ ወደ ሳህሊቱ ዞረ።

 ነገሩ ወዴት እንደሚወስድ ለመስዑድ ያኔ ገባው፤ ግን ቃል ከአፍ ከወጣ በኋላ ነው።

«ለነፍሷ ነዋ፤ ክርስቲያን ቢጾም ምን ይገርማል?» ብሎ ቶሎ አለፈው። «ዋናው ነገር የእሑዷ ማንኪያ ናት። ከዚህ ጠርዝ አንድ ማንኪያ የበላ ሰው ቢያንስ አንድ ቀን ዝንብ ሲለቅም ይውላል። የታመመ የለም። ስለዚህ ማንኪያዋ አልተበላችም፣ ተደፋች። የደፋት ደግሞ ውስጧ ያለውን የሚያውቅ ሰው ነው። እትዬ ሳህሊቱ፣ ማንኪያዋን ለማን ሰጠሽ?»

ፈለቀች ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ዐይኗን ቀስ አድርጋ ወደ መጋዘኑ ላከች፣ መለሰችም።

አሁን ሳህሊቱ ልቧን ማፈን አልቻለችም። «ቅርንፉድ ያንሰዋል» ያለችው ማን ነበረች? «አንቺ ክሬሙን አምጪ፣ ዱባውን እኔ እደለድለዋለሁ» ያለችውስ? እሑድ ጠዋት «ለሱ ብለሽ ጾምሽን አትፍቺ፣ አምጪው እኔ እቀምስልሻለሁ» ብላ ማንኪያዋን ከእጇ የተቀበለችው? በከተማው ጽጌን መያዟን የምታውቅ አንዲት ሰው ናት፤ ያቺው ሰው ቆጡንም ታውቃለች። የምትወደው ሰው በሷ አንገት ገመድ እየለካ እንደነበር ገባት፣ ውስጧም ተቃጠለ። ሆኖም ብሩ ይበልጣል።

«እኔ ነኝ የበላሁት» አለች።

መስዑድ ራሱን ነቀነቀ። አልተቆጣም።

«እሺ። እንግዲያው አንቺ አትናገሪ፤ ፀሐይ ትናገር። ሁላችሁም ወደ ላይ እዩ፤ ከዚያ ወደኔ።»

በየተራ ፊታቸው ቆሞ አየ። የጀምበሩ ዐይን ጠበበ። የሳህሊቱ ጠበበ። ፈለቀች ነጠላዋን አልለቅም አለች፤ ራሱ በሁለት ጣቱ ገለጠው። የግራ ዐይኗ ብሌን በፀሐዩ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ጠቧል። የቀኙ ግን ልክ የሬሳው ዐይን የነበረውን ያህል ጥቁር ሆኖ ተከፍቷል።

«በአገሬ በመሰላ፣ አጨዳ ላይ አስተናግር የነቀለ ሰው በዚያው እጁ ዐይኑን ካሸ፣ ያ ዐይን ለቀናት አይጠብም። ለቅሶ ሁለቱንም ዐይን ነው የሚያቀላው፣ እሜቴ። አንዱን ብቻ የሚያሰፋ ለቅሶ አላውቅም። ቅዳሜ ፍሬውን ስትወቅጪ ዐይንሽን በልቶሻል። ጅብን ሲወጉ አህያን ተጠግቶ ነው ይባላል፤ አንቺም ሳህሊቱን ተጠግተሽ ወጋሽ። ጾሟን መናገር እንደማትችል የምታውቂበትን ምክንያት አልጠይቅሽም። ለዚህ ጉዳይ አያስፈልገኝም። እንሂድ።»

እዚህ ላይ ቢያበቃ ፍርድ ነበር። መስዑድም እዚህ ላይ እንዲያበቃ ፈልጎ፣ ክንዷን ይዞ ወደ በሩ ፈጠን አለ። ፈለቀች ግን ሳህሊቱ ፊት ስትደርስ ቆመች።

«ነገርሽው አይደል?»

«እመብርሃንን አልነገርኩም! ሲጠይቀኝም እኔ ነኝ አልኩ፣ ሰምተውኛል።»

«ለብቻችሁ ሻይ ስትጠጡ ነግረሽዋል። እኔ አንቺ እንዳትሞቺብኝ ብዬ ጽጌ እስኪገባ ጠበቅሁ! ካልጾምሽ ማንኪያዋን አንቺ ነበርሽ የምትበያት። ወር ሙሉ ዱላውን ቻልኩ፣ ለአንቺ ብዬ!»

«ታዲያ ለገመድ ለምን ተዉኝ፣ እትዬ ፈለቀች?»

 መልስ ያጣ ሰው ድንጋይ ያነሣል።

«ጀምበሩ» አለች ፈለቀች፣ ዐይኗን ከሳህሊቱ ሳትነቅል። «የመጋዘኑን ቆጥ ውጣና እየው።»

ሳህሊቱ መሬት ላይ ወድቃ የጀምበሩን ቦት ጫማ ያዘች። በሌላኛው እግሩ ረግጦ አስለቀቃት። መስዑድ አፉን ከፈተ፣ ታጣቂዎቹን አየ፣ ከዚያ እንደ ልማዱ ጫማውን አየ። ግዳጅ የከዳ ሰው ጉዳይ የሱ አይደለም።

መሰላሉ ሲንቋቋ ተሰማ። ባዶ ጆንያ ወደቀ። ከዚያ «እማዬ!» የሚል አንድ ጩኸት፣ ቀጥሎም አፍ ሲታፈን። በኋላ በር በኩል ሲያወጡት ፊቱን ጆንያ አልብሰውት ስለነበር፣ ሳህሊቱ ያየችው የተሰነጣጠቀ ባዶ እግሩን ብቻ ነው።

መስዑድ ወደ ኋላ ቀርቶ አጠገቧ ቆመ።

«እትዬ ሳህሊቱ» አለ፣ «ነፃ ነሽ።»

 ሁሉም ከሄዱ በኋላ ተነሥታ አቧራዋን አራገፈችና ወጥ ቤት ገባች። ጽጌ ሊወጣ ገና ሃያ አምስት ቀን ይቀራል። ፍሪጁን ከፈተች። የእንግዶቹ ትሪ ግማሹ እንደተበላ ተቀምጦ ነበር፣ ክሬሙ ጠርዙ ላይ ቢጫ መሆን ጀምሯል። ጣቷን እስከ ዱባው ድረስ ነከረችና ላሰችው።

ቅርንፉዱ በዝቶ ነበር።